የፖም ጠጅ በቤት ውስጥ፤ የጠጅ ሙያችን እስከ የት ያደርሰናል?

ፖም፣ ገበያው አፕል የሚለው ማለት ነው፣ በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ በፍሬ እየተቆጠረ የሚገዛ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የቅንጦት ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። ከጊዜ በኋላ ግን በደጋው አካባቢ ጊቢ ያላቸው ሰዎች ሁለት ሦስት ችግኝ እየተከሉ ፍሬ መልቀም ጀምረዋል። እኔም በሰሜን አዲስ አበባ በሚገኘው ጊቢዬ ሦስት ዛፎች አሉኝ። ዛፍ ያለው ሰው ታዲያ ዛፍ የሌለው የማያውቀው ችግር ይገጥመዋል። ፍሬው በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ተከታትሎ ይደርስና ቤተሰብ በልቶት፣ ለጎረቤት ታድሎ አያልቅም። ወፍ የቀመሰውን፣ ነፋስ ያወረደውንና መልኩ ያላማረውን ደግሞ በነፃ እንኳ የሚወስደው አይገኝም። ይህን ትርፍ ፍሬ ለወራት የሚቆይ መጠጥ ማድረግ ይቻላል። የሚጠይቀው ዕቃ ጥቂት፣ ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። «የፖም ወይን» የሚለው አነጋገር ለአማርኛ ጆሮ አይመችም። ወይን የፍሬውም የመጠጡም ስም በመሆኑ «የበግ ላም» እንደማለት ይሆናል። የቀደሙት «የወይን ጠጅ» ያሉት አስበውበት ነው፤ በዚያው ስሌት «የፖም ጠጅ» ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። ነገር ግን ስሙ የራሱ ወጥመድ አለው። ጠጅ ሲባል ሁላችንም ከቤታችን የምናውቀው ሙያ ይመስለናል። የጠጅ ሙያ ደግሞ መጠጡ ፈልቶ እስኪያበቃ ድረስ በትክክል ይመራናል፤ ከዚያ በኋላ ያሳስተናል። ጠጅ ተጥሎ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጠጥቶ ያልቃል። የፖም ጠጅ ግን ለመጠጣት የሚበቃው ቢያንስ ሦስት አራት ወር ተቀምጦ ነው። በእነዚያ ወራት ዋናው ጠላቱ አየር ነው። በየቤቱ የሚሞከረው የፖም ጠጅ አቸቶ ሆኖ የሚቀረውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ፍሬው አመጣጥ በአጭሩ። የፖም የትውልድ ስፍራ የመካከለኛው እስያ የቲያን ሻን ተራሮች ናቸው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1929 በዛሬዋ ካዛኪስታን በአልማ አታ አካባቢ የዱር ፖም ደኖችን ተመልክቶ የፍሬው መነሻ ይህ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ይኸው ሰው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1927፣ ወደ እኛ ሀገር መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር እየሰበሰበ መዞሩን ብዙዎቻችን አናስታውስም። ፖም በጋሞ ደጋ በጨንቻ የለመደው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚሲዮናውያን ባመጡት ችግኝ ሲሆን አካባቢው እስከ ዛሬ በዚሁ ፍሬ ይታወቃል።

ፖም ብርድ ይወዳል። በዓመት አንድ ጊዜ ቅጠሉን አራግፎ ማንቀላፋት አለበት፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ ዝርያዎች ለዚህ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ እስከ 1,000 ሰዓት ድረስ ይፈልጋሉ። እኛ ዘንድ ይህን ያህል ብርድ የለም። በመሆኑም በየጊቢያችን የምናገኛቸው ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች፣ በተለይም አና እና ዶርሴት ጎልደን ናቸው። አና በእስራኤል በኤን ሼመር ኪቡትስ የተዳቀለች ስትሆን ዶርሴት ጎልደን የተገኘችው በባሃማስ፣ ናሶ ከተማ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የምንተክላቸው አና በደንብ ፍሬ ለመያዝ የሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት ስለምትሻ ነው።

ዝርያውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ የመብል ፖሞች ናቸው። የፈረንሳይ ኖርማንዲና የእንግሊዝ ምዕራብ ገበሬዎች ለመጠጥ ብለው የሚተክሉት ፖም ሲነክሱት አፍ የሚያኮማትር፣ ለመብል የማይሆን ነው፤ ያ የሚያኮማትር ባሕርይ፣ ታኒን የሚባለው፣ ለመጠጡ አካል ይሰጠዋል። ከእኛ ፖም የሚወጣው ጭማቂ ጣፋጭና መዓዛው ያማረ ቢሆንም ብቻውን ሲፈላ ቀጭንና ውሃ ውሃ የሚል መጠጥ ይሆናል። መፍትሔው ኩሽናችን ውስጥ አለ፤ ለ10 ሊትር ጭማቂ ሁለት ስኒ ወፍራም የሻይ ውሃ መጨመር ነው። ሻዩ ቀረፋም ቅርንፉድም የሌለበት ይሁን። ጭማቂው ሲቀመስ ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ጎምዘዝ የማይል ከሆነ ደግሞ አራት አምስት ሎሚ ይጨመቅበት። ሎሚው ጭማቂው ቶሎ እንዳይጠቁርም ይረዳል።

ፍሬ መምረጥ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቸልተኛ ነው። «ለመጠጥ ነው፣ ምን ችግር አለው» ተብሎ የበሰበሰው ሁሉ ይገባል። ወድቆ የተመታ፣ ወፍ የነከሰው፣ መልኩ የተበላሸ ፍሬ ተቆርጦ ከጸዳ ችግር የለውም። ሻጋታ የያዘና ወደ ውስጥ የበሰበሰ ፍሬ ግን ሌላ ነገር ነው። በፖም ላይ የሚበቅለው ሰማያዊ ሻጋታ ፓቱሊን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ያመነጫል። የአውሮፓ ኅብረት በፖም ጭማቂ ውስጥ በኪሎ ከ50 ማይክሮግራም በላይ እንዳይገኝ የከለከለው ለዚህ ነው። መፍላት ይህን መርዝ በብዛት ይቀንሰዋል፤ ያ ግን ሻጋታውን ለመጠቀም ምክንያት አይሆንም። እንዲህ ያለው ፍሬ ሙሉ በሙሉ ይጣል። ግማሹን ቆርጦ ማትረፍ አይበጅም፤ መርዙ ለዓይን ከሚታየው ብስባሽ አልፎ ሊሄድ ይችላልና።

ፍሬው መብሰሉንም ማረጋገጥ ይገባል። ያልበሰለ ፖም ብዙ ስታርች አለበት፤ ስታርች ደግሞ እንዲሁ አይፈላም። ከፋርማሲ በሚገዛ አዮዲን ቀላል ፍተሻ ማድረግ ይቻላል። አንዱን ፍሬ ለሁለት ከፍሎ የተቆረጠውን ፊት አዮዲን መቀባት ነው። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ገና ነው፤ እምብዛም ካልተለወጠ ደርሷል። (የተፈተሸው ፍሬ አይበላም።) ከተለቀመ በኋላ ሳምንት ያህል በጥላ ማቆየት ፍሬውን ያለሰልሰዋል፣ ጭማቂውንም ያበዛዋል። ከዚህ በላይ ማቆየት ግን፣ በተለይ አናን፣ አልመክርም፤ ቶሎ የምትዱቅ ፍሬ ናት።

ዛፉን ለቅጠል በሽታ ድኝ የሚረጭ ሰው ከለቀማ በፊት በቂ ጊዜ መስጠት፣ ፍሬውንም አሽቶ ማጠብ አለበት። በልጣጩ ላይ የቀረ ድኝ ሲፈላ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያመጣል። ይህ ሽታ ከመጣ በኋላ ማስወጣት አድካሚ ነው።

ጭማቂና ስኳር

ለ10 ሊትር ጭማቂ ከ18 እስከ 20 ኪሎ ፖም ያስፈልጋል። ልጣጩ አይነሳም፤ ዘሩና እምብርቱ ግን ይውጣ። የፖም ዘር ሲፈጭ መራራ ጣዕም ከመስጠቱም በላይ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለበት። ጥቂት ዘር ሙሉውን ቢገባ አይጎዳም፤ በጁስ መፍጫ የኪሎዎችን ዘር ማድቀቅ ግን ጥሩ አይደለም። ሥጋው በመፈቅፈቂያ ወይም በጁስ መፍጫ ከደቀቀ በኋላ በንጹሕ የአቡጀዴ ከረጢት እየተደረገ ይጨመቃል። ሁለት ጠንካራ ክንድ ያለው ሰው ከጎን ቢኖር መልካም ነው፤ አድካሚው ሥራ ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ጭማቂውን አፍልቶ ከጀርም ለማጽዳት የሚነሳሱ አሉ። አይፈላ። ፖም ፔክቲን የተባለ፣ ማርመላታ እንዲረጋ የሚያደርግ ነገር በብዛት አለበት፤ እሳት ካየ መጠጡ ደፍርሶ ይቀራል፣ ጣዕሙም የተቀቀለ ፍሬ ይሆናል። ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት የሚገኝ ከሆነ ለ10 ሊትር አንድ ግራም ያህል ጨምሮ አንድ ቀን ማሳደርና እርሾውን በማግስቱ መጨመር የዱር ጀርሞችን ያዳክማል። አስም ያለበት ሰው በሚጠጣበት ቤት ግን ይቅር። ንጽሕና ከተጠበቀ ያለ እርሱም ይሆናል።

አሁን ወደ ስሌቱ። የጓሮ ፖም ጭማቂ በሊትር ከ100 እስከ 130 ግራም ስኳር ይኖረዋል። 17 ግራም ስኳር በአንድ ሊትር ውስጥ ሲፈላ አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል። ስለዚህ ጭማቂው ብቻውን ከ6 እስከ 7.6 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ፈረንጆች ሳይደር የሚሉት ይህንን ነው። ይህ ጥሩ መጠጥ ነው፤ ለወራት ለመቆየት ግን አቅሙ ያንሳል። ወደ 11 በመቶ ለማድረስ በሊትር 187 ግራም ስኳር ያስፈልጋል። ጭማቂው 110 ካለው 77 ግራም ይጎድለዋል ማለት ነው፤ ለ10 ሊትር በግርድፉ 800 ግራም ስኳር ይጨመራል። ስኳሩን በጥቂት ሞቅ ያለ ጭማቂ አሟሙቶ መቀላቀል እንጂ ከላይ መነስነስ አይበቃም። «ጠንካራ እንዲሆን» ብሎ ሁለት ኪሎ የሚጨምር ሰው የሚያገኘው ጠንካራ መጠጥ ሳይሆን እርሾው መሐል መንገድ ላይ የደከመበት ስኳር ውሃ ነው። የዳቦ እርሾ ከ11 እና 12 በመቶ በላይ አልኮል ብዙም አይቋቋምም።

ስኳሩን በማር የሚተካ አለ። ማር አምስት እጅ ከሆነ አራቱ እጅ ስኳር በመሆኑ በ800 ግራም ስኳር ፋንታ አንድ ኪሎ ማር ይገባል። በፖምና በጠጅ መካከል ያለ ደስ የሚል ነገር ይወጣዋል፤ ዋጋው ግን የፖሙን ቁጠባ ያጠፋዋል። ጌሾ ስለመጨመር ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የጌሾ ምሬት ጀርም እንደሚከላከል ይታወቃል፤ ሆኖም የፖሙን መዓዛ ይውጠዋል። ቀምሼዋለሁ፤ ጠጅም አይደል፣ የፖም መጠጥም አይደል።

ሃይድሮሜትር ያለው ሰው ይጠቀም፤ ስኳር ከገባበት በኋላ 1.080 አካባቢ ማንበብ አለበት። የወተት ጥራት የሚለካበት መሣሪያ ግን ተመሳሳይ ቢመስልም አያገለግልም፤ ከ1.040 በላይ አያነብምና።

ማፍላቱ

ይህ ክፍል የእናቶቻችን ነው። እናቴ ጠጅ ስትጥል ጋኑን በግራዋ ፈትጋ፣ አለቅልቃ፣ አድርቃ በወይራ ታጥነው ነበር። የወይራ ጭስ ለመዓዛ ብቻ ይመስለን የነበረ ብዙዎች ነን፤ ጀርም ገዳይም ነው። ለፖም ጠጅ ጭሱ ባይፈለግም ሐሳቡ ግን ያው ነው። ዕቃው ሁሉ፣ ከረጢቱ፣ ቱቦውና ማንኪያው ሳይቀር ይታጠብ፤ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽታ የሌለው በረኪና ተደርጎ ይዘፍዘፍ፤ ከዚያም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግሞ ይለቅለቅ። ዕቃው ለምግብ የተሠራ ጀሪካን፣ መስታወት ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ቀለም፣ ዘይት ወይም ጋዝ የነበረበት ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ አይሆንም። የአሉሚኒየም ድስትና ብረት ደግሞ ከፖሙ አሲድ ጋር አይስማሙም።

የወይን እርሾ በከተማችን እንደልብ አይገኝም። ደረቅ የዳቦ እርሾ ይሠራል፤ ለ10 ሊትር 5 ግራም በቂ ነው። ለብ ባለ፣ 35 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውሃ አሥር ደቂቃ አርሶ መጨመር ነው። ድክመቱ መጀመሪያ ላይ ዳቦ ዳቦ መሽተቱና አተላው ቶሎ አለመርጋቱ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ያስተካክላቸዋል።

ጭማቂው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ይግባ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት አረፋ ቦታ ይፈልጋል። ክዳኑ ተበስቶ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ይግባበት፤ ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ልክ ይሆናል። ቀዳዳው ዙሪያው በደንብ ይታሸግ፣ የቱቦው ሌላ ጫፍ ግማሽ ድረስ ውሃ በያዘ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ይንከር፤ የሃይላንዱ አፍ ክፍት ይሁን። ጋዙ በውሃው ውስጥ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። ከ10 ሊትር ከ500 ሊትር በላይ የካርቦን ጋዝ ስለሚወጣ ጀሪካኑን አጥብቆ መክደን ጨርሶ የማይታሰብ ነው፤ ጠባብ፣ መስኮት የሌለው መኝታ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥም አይገባም። የአዲስ አበባ የክፍል ሙቀት፣ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ያለው፣ ለዚህ ሥራ የተመደበ ይመስላል። በኅዳር ሌሊት ብርድ ልብስ ጣል ማድረግ ይበቃል።

በሁለተኛው ቀን መፍላት ይጀምራል፤ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይበርዳል። እስካሁን ድረስ ጠጅ ጥላ የምታውቅ ባለሙያ ሴት ይህን ሁሉ ያለ ማንም ምክር ትሠራዋለች።

ከፈላ በኋላ

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጠጅ የምትጥል ሴት በዚህ ጊዜ ትቀምሳለች፣ ታጠላለች፣ እንግዳ ከመጣ ትቀዳለች። ጋኑ እየጎደለ ይሄዳል፤ ቀናት ስለሆኑ የሚጎዳው የለም። በፖም ጠጅ ላይ ይህን ማድረግ መጠጡን ለአቸቶ ማዘጋጀት ነው። አልኮልን ወደ አቸቶ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በየትም አሉ፤ የሚጎድላቸው አየር ብቻ ነው። እየፈላ ባለበት ጊዜ የሚወጣው ጋዝ አየሩን ያባርርልናል። መፍላቱ ሲያቆም ግን ያ ዘበኛ ይሄዳል። ግማሽ የጎደለ ጀሪካን ማለት ግማሹ አየር የሞላበት ጀሪካን ነው። ሸክላ ጋንም እንዲሁ፤ ውብ ዕቃ ነው፣ ነገር ግን ይተነፍሳል፤ ለወራት ማቆያ አይሆንም።

ስለሆነም አሥር ቀን ገደማ ሲሆን ጀሪካኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለአንድ ቀን ማሳረፍ፣ ከዚያም አተላውን ሳይነኩ ጥሩውን በቱቦ ስቦ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ያስፈልጋል። ቱቦው የሚቀበለው ዕቃ ታች ድረስ ይግባ፤ ከላይ እየተንፎለፎለ ከወረደ አየር ይዞ ይገባል። የሚቀበሉት ዕቃዎች እስከ አንገታቸው ይሙሉ። ከ10 ሊትሩ 9 ያህል ስለሚተርፍ ባለ 5 ሊትር አንድ፣ ቀሪውን ደግሞ በትናንሽ ጠርሙሶች ማዳረስ ይቻላል፤ በግማሽ የሚቀር ዕቃ ግን አይኑር። በየአፋቸው ያው ቱቦና ውሃ ይደረግ፤ ለትናንሾቹ በመርፌ አንድ ጊዜ የተበሳ ፊኛ ይበቃል። ለረጅም ጊዜ ማቆያ መስታወት ከፕላስቲክ ይሻላል፤ ቀጭን ፕላስቲክ በቀስታ አየር ያስገባል።

ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ከአተላው ይለያል። በሦስተኛው ወር አብዛኛውን ጊዜ ይጠራል። ደፈርስ ብሎ ከቀረ ፔክቲኑ ነው፤ ለዓይን እንጂ ለጤና ነገር የለውም። በመሐሉ መቅመስ አይከለከልም፤ ክዳን በየቀኑ መክፈት ግን ይከለከላል። በጥቅምት የተጣለ ለጥምቀት ይጠራል፣ ለፋሲካ ይጥማል።

ሦስት አደጋዎች

አንደኛው ጠርሙስ ነው። ያልጨረሰ መጠጥ ታሽጎ ከተቀመጠ ጠርሙሱ ውስጥ መፍላቱን ይቀጥላል። በአንድ ሊትር ውስጥ የቀረ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በመኪና ጎማ ውስጥ ያለውን ያህል ግፊት ይፈጥራል። የወይን ጠርሙስ ይህን እንዲችል አልተሠራም፤ ሲፈነዳ ዓይን ያጠፋል። ከማሸግ በፊት ለሁለት ሳምንት ምንም ጋዝ አለመውጣቱ፣ ሲቀመስም ጣፋጭነት አለመኖሩ ይረጋገጥ። ሃይድሮሜትር ከ1.000 በታች ማንበብ አለበት። ጣፋጭ የሚወድ ሰው ስኳሩን ብርጭቆው ውስጥ ይጨምር።

ሁለተኛው ሜታኖል ነው። ፖም ፔክቲን ስላለው ሲፈላ ትንሽ ሜታኖል መፈጠሩ እውነት ነው፤ በፈላ መጠጥ ውስጥ ግን መጠኑ የሚጎዳ አይደለም። የተበላሸውን መጠጥ «አረቄ ላውጣበት» ማለት ግን ሌላ ነው። ማጣራት ያን ጥቂት ነገር ሊያከማቸው ይችላል፤ የእሳቱና የአልኮሉ ትነት ደግሞ የራሱ የቃጠሎ አደጋ አለው። በቤት ውስጥ አይሞከር።

ሦስተኛው መዘንጋት ነው። 11 በመቶ አልኮል ከቢራ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ጣዕሙ የፍራፍሬ ጭማቂ ስለሚመስል ሾፌርም እንግዳም ይዘናጋል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ጠርሙሱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

አልኮል የማይጠጣ ቤተሰብም ከዚህ ሥራ ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ስኳር ሳይጨመርበት የፈላውን ጭማቂ አፉ ሰፊ በሆነ መስታወት አድርጎ፣ በሻሽ ሸፍኖ፣ ሞቅ ባለ ቦታ ሁለት ሦስት ወር ቢተወው ገበያ ላይ በውድ የሚሸጠውን የፖም አቸቶ ያገኛል። የሰላጣ ጉዳይ ከሆነ ይህ ከመጠጡ ይበልጥብኛል። ለአቸቶ የሚሆነው ዕቃና ጨርቅ ግን ለመጠጡ አይዋል፤ ባክቴሪያው ይተላለፋል።

ስለ አጠጣጡ። ጀርመን ሀገር በፍራንክፈርት የፖም ጠጅ የከተማዋ መለያ ነው። ቤምበል በሚሉት ግራጫ፣ በሰማያዊ ቀለም በተጌጠ የሸክላ ማንቆርቆሪያ ቀርቦ፣ ብዙ ጊዜ በጋዝ ውሃ ተበርዞ ይጠጣል። በዚያች ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችን ያውቁታል። እኛም ግማሽ ብርጭቆ የቀዘቀዘ የፖም ጠጅ በግማሽ አምቦ ውሃ መበረዝ እንችላለን፤ ለቅዳሜ ምሳ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሳይበረዝ ከሆነ ከዶሮ ወጥ ይልቅ ከአልጫና ከአይብ ጋር ይሄዳል፤ በርበሬ መዓዛውን ይገድለዋል።

ከጭማቂው የሚተርፈው ድቃቂ ወዲያውኑ ለዶሮ ሊሰጥ ወይም ለማዳበሪያ ጉድጓድ ሊውል ይችላል፤ ካደረና መፍላት ከጀመረ ግን ለዶሮ አይሰጥ። በየጠርሙሱ ላይ የተጣለበት ቀን፣ የፖሙ ዓይነትና የገባው ስኳር መጠን ይጻፍበት፤ የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ ሲደርስ የዘንድሮው ስኳር ስንት እንደነበር ማንም በቃሉ አያስታውስም።